«ጓንት አድርጉ» ማለት ብቻውን ምክር አይደለም

ስልካችሁ ላይ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። ሰማያዊ መብራት፣ ጥርት ያለ ውሃ፣ ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ የሚወዛወዙ ኮራሎች፣ በመካከላቸው ሽው የሚሉ ቢጫና ብርቱካናማ ዓሳዎች። ከዚያ ከላይ አንድ እጅ ይገባል፤ እስከ ክርን፣ አንዳንዴም እስከ ብብት። ድንጋይ ያነሳል፣ መስታወት ይፍቃል፣ አንዱን ኮራል ከዚህ ነቅሎ እዚያ ይተክላል። እጁ ባዶ ነው። ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል፣ ወይም በሱቁ በራሪ ወረቀት ግርጌ ላይ፣ አንዲት መስመር ብቅ ትላለች፦ «ለደኅንነትዎ ጓንት ያድርጉ።» በቃ፣ አለቀ።

ዛሬ የምተቸው ይህችን አንዲት መስመር ነው። ውሸት ሆና አይደለም። እውነት ናት፤ ግን ሩብ እውነት ናት። ሩብ እውነት ደግሞ ያዘናጋል። ጓንት ያጠለቀ ሰው «አሁን ተጠብቄያለሁ» ብሎ ልቡን ያሳርፋል፤ ከዚያ ጓንት የማያቆመው ነገር ይደርስበታል።

ለምን ሩብ አልኩ? የጨው ውሃ አኳሪየም ሲጸዳ አደጋ ወደ ሰው የሚመጣባቸው መንገዶች አራት ናቸው፦ በቁስል፣ በአየር፣ በእሾህ እና በኤሌክትሪክ ሽቦ። ተራው ጓንት በደንብ የሚረዳው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ እሱንም ቢሆን በሁኔታ። የቀሩትን ሦስቱን ምክሩ ስማቸውን እንኳ አይጠራም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ጓንቱ የሚችለውና የማይችለው

መጀመሪያ ለምክሩ ፍትሐዊ እንሁን። ጓንት ጥሩ ነገር ነው። የኮራል አጽም ስለታም ነው፤ የገንዳው ድንጋይም ሻካራ ነው። ጣት ሳይታወቅ ይጫራል። ድንጋዮቹ ውስጥ የሚሸሸጉ ፀጉራም ትሎች አሉ፤ ፀጉራቸው ልክ እንደ በለስ እሾህ ነው። በለስ ልጣችሁ የምታውቁ ይገባችኋል፦ ዓይን አያየውም፣ እጅ ግን ያውቀዋል። ቆዳ ላይ ሲተከል ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ሲሆን ፕላስተር ለጥፎ መላጥ እንጂ ማሸት አይገባም። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ወፈር ያለ ጓንት ያግዛል።

ጓንት ሌላም ጥቅም አለው፤ ምክሩ ይህንንም አይነግራችሁም። ጥበቃው በሁለቱም በኩል ነው። እጃችሁ ላይ የቀረ ሳሙና፣ ሎሽን፣ ሽቶ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ወደ ውሃው ይገባል። የገንዳው ነዋሪዎች፣ በተለይ አጥንት የሌላቸው እንስሳት፣ ይህን አይችሉም። እጃችሁ ለእነሱ አደጋ ነው፤ እነሱም ለእጃችሁ።

አሁን ወደ ድክመቱ። ሐኪም ቤት የምታዩት ቀጭኑ የምርመራ ጓንት ርዝመቱ 24 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ማስመሪያ አምጡና ከመሃል ጣታችሁ ጫፍ ጀምራችሁ በራሳችሁ እጅ ላይ ለኩት። ከእጅ አንጓ ጥቂት አለፍ ብሎ ያበቃል። 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ካለው ገንዳ ሥር የወደቀ ነገር ለማንሳት ግን ክንዳችሁ ሊሰምጥ ነው። ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል? በጓንቱ አፍ ገብቶ ጣታችሁ ጋ ይታቆራል። ጣታችሁ ላይ ጭረት ካለ፣ ጓንቱ ከውሃው አልጠበቀውም፤ ውሃው ውስጥ ዘፍዝፎ አስቀመጠው እንጂ። ገንዳ ለማጽዳት የሚሆነው እስከ ትከሻ የሚደርስ ረጅም ጓንት ነው፤ እሱም ከመልበስ በፊት ውሃ ሞልቶ ቀዳዳ እንደሌለው ማየት ያስፈልጋል። «ጓንት አድርጉ» የምትለዋ መስመር የትኛውን እንደሆነ አትናገርም። ለታመመ ሰው «መድኃኒት ውሰድ» ብሎ ስሙን ሳይጠቅሱ እንደማሰናበት ነው።

በቁስል የሚገባው፦ ቀዝቃዛ ጣት የሚወድ ባክቴሪያ

እ.ኤ.አ. በ1926 አሮንሰን የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ የፊላደልፊያ አኳሪየም ውስጥ ከሞቱ የባሕር ዓሳዎች አንድ ባክቴሪያ ለየ። ስሙ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ተባለ። «ማሪነም» ማለት የባሕር ማለት ነው፤ ስሙ ግን እንዳያታልላችሁ፣ ጨው በሌለው ውሃም ይኖራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ወይም በጓደኛችሁ ቤት ያያችሁት ተራ የዓሳ ገንዳም ከዚህ ወሬ ውጪ አይደለም። ሰውንም እንደሚያሳምም የታወቀው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ ስዊድን ውስጥ ከመዋኛ ገንዳ ጋር በተያያዘ የቆዳ ሕመም ነው።

ይህ ባክቴሪያ የቲቢ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅርበታቸው ሳይንቲስቶችን ጠቅሟል፤ ላሊታ ራማክሪሽናንን የመሰሉ ተመራማሪዎች ዜብራፊሽ የምትባለዋን ትንሽ ዓሳ በዚህ ባክቴሪያ እየለከፉ፣ ዓሳዋ ገና ግልገል ሳለች ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ከጠላት ጋር ሲተናነቁ በዓይን ይከታተላሉ። ስለ ቲቢ የምናውቀው አንዳንዱ ነገር የመጣው ከዚያች ዓሳ ነው። ቲቢ ብዙ ቤት ያንኳኳባት አገር ልጆች ለሆንን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልዩነታቸው ግን ሙቀት ላይ ነው። ማሪነም ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይመቸዋል፤ በ37 ዲግሪ ይደክማል። የሰውነታችን ውስጠኛው ክፍል 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጣቶቻችን ደግሞ ከዚያ ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ ባክቴሪያው እንደ ቲቢ ሳንባ ውስጥ አይገባም፤ የገባበት እጅ ላይ ቤቱን ይሠራል።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ድንጋይ ስታነሱ ጣታችሁ ትጫራለች። ጭረቱ ይድናል፣ ትረሱታላችሁ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከብዙ ወራት በኋላ፣ እዚያው ቦታ ላይ አንዲት ቀይ ወይም ሐምራዊ እብጠት ትወጣለች። ብዙም አታምም። ግን አትድንም። አንዳንድ ሰው ላይ ከጣት ተነስታ በክንድ በኩል ሽቅብ፣ እንደ ዶቃ በተርታ ትደረደራለች። ቸል ከተባለች ወደ ጅማትና ወደ መገጣጠሚያ ትወርዳለች፤ ያኔ ጣት ማጠፍ ያስቸግራል፣ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ይችላል። መድኃኒቱ አለ፤ ግን እንደ ጉሮሮ ሕመም በሳምንት የሚያልቅ አይደለም፣ ለወራት የሚወሰድ ነው።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ሰውየው ፋርማሲ ሄዶ ቅባት ይገዛል። አይሠራም። ሌላ ይገዛል። ሐኪም ጋ ሲሄድም ሐኪሙ የሚያየው እጅ ላይ ያለ እብጠት ብቻ ነው። ናሙና ወስዶ ቢልክ እንኳ፣ ቤተ ሙከራዎች እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎችን የሚያሳድጉት ብዙውን ጊዜ በ37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚያ ሙቀት ማሪነም ላይታይ ይችላል። «በ30 ዲግሪም አሳድጉልን» ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። ይህን ለማዘዝ ደግሞ ሐኪሙ መጠርጠር አለበት። ለመጠርጠር ከእናንተ አንዲት ዓረፍተ ነገር መስማት አለበት፦ «እጄን የዓሳ ገንዳ ውስጥ እከታለሁ።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ከጓንት የበለጠ ጣት ታድናለች። በየትኛው በራሪ ወረቀት ላይ አያችኋት?

በአየር የሚመጣው፦ ሣር የመሰለው እንስሳ

ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በማዊ፣ ሃና በሚባል አካባቢ፣ ሰዎች የሚፈሩት አንድ የባሕር ኩሬ ነበር። እዚያ የሚበቅለውን ነገር «ሊሙ ማኬ ኦ ሃና» ይሉታል፤ «ገዳዩ የሃና የባሕር ሣር» እንደማለት ነው። የጦር ጫፍ ይቀባበት ነበር ይባላል። ሳይንቲስቶች ሄደው ሲያዩት ሣር አልነበረም፤ እንስሳ ነው። ከኮራል ጋር የሚዛመድ፣ ዞአንቲድ ከሚባሉት ወገን። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሙር እና ሾየር መርዙን ለይተው ማውጣታቸውን ጻፉ። ስሙን ፓሊቶክሲን አሉት። አንዱ ሞለኪውል ብቻ 129 የካርቦን አተሞች አሉት። ሙሉውን በቤተ ሙከራ ለመሥራት እስከ 1994 ድረስ ወስዷል፤ የሠራው የሃርቫርዱ ዮሺቶ ኪሺና ቡድኑ ነው።

መርዙ የሚያጠቃው እያንዳንዱ ሴላችን ላይ ያለውን አንድ ፓምፕ ነው። ይህ ፓምፕ ሦስት ሶዲየም ወደ ውጪ ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ዴንማርካዊው ዬንስ ስኮው በ1957 ስላገኘው በ1997 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ፓምፑን ሁለት በር ያለው ጠባብ ክፍል አድርጋችሁ አስቡት፦ አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፤ ሁለቱ አብረው አይከፈቱም። ፓሊቶክሲን ሁለቱንም በር ከፍቶ ሽብልቅ ይሰካበታል። በሴኮንድ ጥቂት መቶ አዮን ብቻ በሥርዓት ያሳልፍ የነበረው፣ ሚሊዮኖች የሚጎርፉበት ቦይ ይሆናል። ሴሉ ሚዛኑን ያጣል፤ ጡንቻ፣ ልብ፣ ሳንባ ይታወካል።

ይህ ፓምፕ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ምረንዝ የሚባለውን ዛፍ ታውቁት ይሆናል። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ከዚህ ዛፍና ከዘመዶቹ የቀስት መርዝ ያዘጋጁ ነበር፤ በውስጡ ያለው ኡዋባይን የተባለ ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው ዋባዮ ከሚለው የሶማሊኛ ቃል ነው። እሱ የሚሠራው እዚያው ፓምፕ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ኡዋባይን በሩን ይቆልፈዋል፣ ፓሊቶክሲን ግን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። የደጋው ዛፍና የውቅያኖሱ እንስሳ አንዲት ትንሽ በር ላይ ተገናኙ።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ከገንዳ ጽዳት ጋር ምን አገናኘው? ዞአንቲዶች በቀለማቸው የተነሳ በአኳሪየም ሱቆች ይሸጣሉ። ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው ሳይጠሩም ይመጣሉ። ደግሞ ይስፋፋሉ፤ ባለቤቱ ሊያጠፋቸው ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ የደረሰውን ይተርካል፦ አንድ ሰው ያልፈለጋቸውን ዞአንቲዶች ለመግደል በድንጋዩ ላይ የፈላ ውሃ አፈሰሰ፤ እንፋሎቱን ተነፈሰና በጠና ታመመ። ተመራማሪዎቹ ከሱቅ የገዟቸውን ሲመረምሩ አንዳንዱ እጅግ መርዛም፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም የሌለበት ሆኖ አገኙት። በዓይን አይቶ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

በ2018 በእንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድሽየር በምትገኝ አንዲት መንደር፣ ከቤት ገንዳ ኮራል ሲጸዳ የቤተሰቡ አባላት ታመሙ። ለእርዳታ የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሆስፒታል ገቡ። አላስካ ውስጥም ከ2012 እስከ 2014 በቤትና በሱቅ ተመሳሳይ ሕመም መድረሱን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2015 ጽፏል። አስቡት እንግዲህ፦ ሌላ ክፍል የነበረው ሰው፣ በኋላ የደረሰው ሠራተኛ፣ እጃቸውን ገንዳው ውስጥ አልከተቱም። ለእነሱ የእጅ ጓንት ምን ሊፈይድላቸው?

ስለዚህ እዚህ ላይ ትክክለኛው ምክር ስለ እጅ ብቻ ሊሆን አይችልም። ኮራል ያለበትን ድንጋይ አትቀቅሉ፤ የፈላ ውሃ አታፍስሱበት፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ አትክተቱ፤ ከውሃ ውጪ በብሩሽ አትፈግፍጉ፤ ውሃ በኃይል አትርጩበት። መስኮት ክፈቱ። ዓይናችሁን በመከላከያ መነጽር ሸፍኑ፤ ይህ መርዝ ዓይንንም ክፉኛ ይጎዳልና። የሠራችሁበትን ዕቃና የተቆረጠውን ነገር በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ዘፍዝፉ፤ በረኪና መርዙን ያፈርሰዋል፣ መፍላት ግን ተን አድርጎ ይበትነዋል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር አታገናኙ፤ አኳሪየም የሚያጸዱ ሰዎች ፓምፕ ላይ የጋገረውን ኖራ ለማስለቀቅ አቼቶ ይጠቀማሉ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከሥራው በኋላ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም ወይም አፍ ላይ የብረት ጣዕም ከመጣ ሁሉም ሰው ከቤት ይውጣ፤ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ «ፓሊቶክሲን ሊሆን ይችላል» በሉ። ያችን ቃል ዛሬ በቃላችሁ ያዟት።

እሾህና ሽቦ

ሦስተኛውና አራተኛው መንገድ አጭር ናቸው፤ ስህተታቸው ግን አጭር አይደለም።

ላየንፊሽ የምትባለው ዓሳ ቆንጆ ናት፤ እንደ አንበሳ ጎፈር የተዘረጋ ክንፍ አላት። ከዚያ ውበት መሃል 18 መርዛም እሾሆች ተሰክተዋል። ቀጭን ጓንት ለእሷ ወረቀት ነው፤ እሾሁ ጓንቱንም ጣቱንም አብሮ ይወጋል። መድኃኒቱ ለየት ያለ ነው፦ መርዙ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል። የተወጋውን እጅ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ማቆየት ሕመሙን ያስታግሳል። ውሃውን ግን ባልተወጋው እጅ ለኩት፤ የተወጋው በሕመም ደንዝዞ ሲቃጠል አይነግራችሁም። ከዚያ ወደ ሐኪም። ከሁሉም የሚሻለው ግን እጅ ከመግባቱ በፊት ዓሳዋ የት እንዳለች ማወቅና በመከለያ መለየት ነው።

አሁን ሽቦው። የባሕር ውሃ በአንድ ኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ጨው የኤሌክትሪክ ጓደኛ ነው፤ የባሕር ውሃ ከቧንቧ ውሃ መቶ እጥፍ ገደማ ይበልጥ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ገንዳው ውስጥ ማሞቂያ አለ፣ ፓምፕ አለ፤ ከላይ መብራት ተንጠልጥሏል። ከእነዚህ አንዱ ሽቦው ቢላጥ ወይም መስታወቱ ቢሰነጠቅ፣ በኛ አገር 220 ቮልት ውሃው ውስጥ እጃችሁን እየጠበቀ ነው። ቀጭን ጓንት፣ ያውም በአፉ ውሃ የገባበት፣ የኤሌክትሪክ መከላከያ አይደለም። እዚህ ጋ የሚያድነው እጅ ሳይገባ ሶኬቱን መንቀል ነው። ሌላው ደግሞ ኤሌክትሪክ መስመሩን ስቶ ወደ ሰው ሲፈስ በቅጽበት የሚቆርጠውን መሣሪያ ማስገጠም ነው። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተቀልብሶ ይሂድ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ወደ ሶኬቱ ሳይሆን ወደ ወለሉ እንዲንጠባጠብ።

ጓንት አንድም ጊዜ አልተጠራም፤ ልብ አላችሁ?

«እኔ ሃያ ዓመት በባዶ እጄ...»

አንድ ልምድ ያለው ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል። «እኔ ሃያ ዓመት በባዶ እጄ አጽድቻለሁ፤ ምንም አልሆንኩም» ይላል። እውነቱን ነው። ከላይ የነገርኳችሁ ነገሮች ብርቅ ናቸው። አብዛኛው ሰው ገንዳውን አጽድቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ምሳውን ይበላል። ልጆችን ከአኳሪየም ለማስፈራራት የጻፍኩ አድርጋችሁ እንዳታስቡ፤ አኳሪየም ባሕር የሌለውን ሰው ከባሕር ጋር የሚያስተዋውቅ ድንቅ ነገር ነው።

ግን ብርቅ መሆኑ ራሱ ችግሩ ነው። ብርቅ የሆነውን ሐኪሙም አያስበውም፣ በሽተኛውም አይናገረውም፣ በራሪ ወረቀቱም አይጽፈውም። ሃያ ዓመት ምንም ያልሆነው ሰው ልምዱ የሚነግረን ዕድሉን ነው፤ መንገዱ መዘጋቱን አይደለም።

መንገዱን ማየት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከአኳሪየም ወጣ ይላል፤ ግን የዓሳ፣ የውሃና የእጅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እና 1997 እስራኤል ውስጥ 62 ሰዎች ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ በተባለ ባክቴሪያ በእጅ ቁስል በኩል ተለከፉ። ያስያዛቸው ቆሮሶ ነው፤ እኛ ከዝዋይና ከጣና የምናውቀው ዓሳ፣ እዚያ በእርባታ ኩሬ የሚያድግ። ምን ተለወጠ? ቀደም ሲል ዓሳው ሞቶ በበረዶ ላይ ይሸጥ ነበር። በ1996 ክረምት ግን በሕይወት እንዳለ መሸጥ ተጀመረ። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲያርደው ዓሳው ይፈራገጣል፣ የክንፉ እሾህ እጁን ይወጋል። ባክቴሪያው አዲስ ዝርያ ነበር፤ በሩን የከፈተለት ግን የገበያው ለውጥ ነው። ለእያንዳንዱ ገዢ «ጓንት አድርግ» ማለት ይቻል ነበር። ትልቁ ጥያቄ ግን እሾሁ ከነነፍሱ ወጥ ቤት የገባው ለምንድን ነው የሚለው ነው።

የሥራ ደኅንነት የሚያጠኑ ሰዎች ይህን በአምስት ደረጃ ያስቀምጡታል። አንደኛ፣ አደጋውን ጨርሶ አስወግድ። ሁለተኛ፣ በሌላ ተካው። ሦስተኛ፣ በመሣሪያ ከሰው ለየው። አራተኛ፣ የአሠራር ሥርዓት አውጣ። አምስተኛና መጨረሻ፣ የሰውየውን አካል ሸፍን። ጓንት አምስተኛው ላይ ነው። በራሪ ወረቀታችን ከአምስቱ የመጨረሻውን አንስቶ አንደኛ አደረገው፤ የቀሩትን አራቱን ጣላቸው። ለምን? መሸፈኛ ርካሽ ነው፤ ኃላፊነቱንም ከሻጩ አንስቶ በገዢው እጅ ላይ ያጠልቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። ወረቀቱን የሚያነበው የገንዳው ባለቤት ነው፤ እጁን የሚከተው ግን ሁልጊዜ እሱ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሥራ ላይ ያሉ ብዙ እህቶች አሉን። ከቤቱ ጽዳት ጋር ገንዳውም ሊሰጣቸው ይችላል፤ «እዚያ ድንጋይ ላይ ያለውን ነገር በሙቅ ውሃ አጽጂው» ቢባሉ ማን ይነግራቸዋል? ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለች እህት ወይም አክስት ያለው ካለ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ያቺን ስለ ፈላ ውሃ የምትለዋን ብቻ በስልክ ይንገራት። ለእኔ ይበቃኛል።

የተሻለው ምክር ምን ይመስላል?

መተቸት ብቻውን ቀላል ነው፤ ስለዚህ በራሪ ወረቀቱን እኔ ልጻፈው። አንድ መስመር አይሆንም፤ ግን አንድ ገጽም አይሞላም።

1. እጅ ሳይገባ መሠራት የሚችለውን ያለ እጅ ሥሩ። መስታወቱን በማግኔት መፈቂያ፣ የወደቀውን በረጅም መቆንጠጫ፣ አሸዋውን በሲፎን። ሲፎን በአፍ አትሳቡ።

2. እጅ የግድ ከገባ፣ አስቀድሞ ሶኬት ይነቀል። ማሞቂያው ውሃው ከመቀነሱ በፊት ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ሳለ ከውሃ ከወጣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

3. እጃችሁ ላይ ያልዳነ ቁስል ካለ ሥራውን ለሌላ ቀን አቆዩት። በሕመም ወይም በመድኃኒት የተነሳ የመከላከል አቅሙ የቀነሰ ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ይተው።

4. ገንዳው ውስጥ ማን እንዳለ በስም እወቁ። እሾህ ያለው፣ የሚናከሰው፣ ዞአንቲድ የሚመስለው። ስሙን የማታውቁትን አትንኩ፣ አትቁረጡ፣ በጭራሽ አታሙቁ።

5. ከዚህ ሁሉ በኋላ ጓንት፦ ረጅም፣ ያልተቀደደ፣ በዱቄትም በሳሙናም ያልተነካ። ላቴክስ የሚያሳክከው ሰው ናይትሪል ይምረጥ። ኮራል የሚነካ ከሆነ የዓይን መነጽር ይጨመር።

6. ሲያልቅ እጅና ክንድ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። የተጫረ ቦታ ካለ ቀኑን ጻፉት። ከሳምንታት በኋላ እብጠት ከወጣ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ስለ ገንዳው ንገሩት።

ጓንቱ አምስተኛ ላይ መምጣቱን አያችሁ? አልጣልኩትም፤ ቦታውን ሰጠሁት።

የአገራችን ሰው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል። ጥምጥሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከሥሩ እውቀት ከሌለ ጨርቅ ብቻ ስለሆነ ነው። ጓንትም እንደዚያው። በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ሰማያዊ ቪዲዮ ስታዩና ያ እጅ ከላይ ሲገባ፣ «ጓንት አድርጓል ወይ?» ብላችሁ አታቁሙ። ሶኬቱስ ተነቅሏል? ጣቱስ ላይ ጭረት አለ? ያ አረንጓዴ ነገር ስሙ ማነው? ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን እየተነፈሰ ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ጓንቱም ሥራውን ይሠራል።